ኑዛዜ ሞትን አይጠራም

ኑዛዜ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ሁለት ነገር ይገለጽበታል። አንደኛው ኃጢአትን ለነፍስ አባት መናገር ሲሆን፥ ሁለተኛው የንብረትን ነገር ለሚቀሩት ማስታወቅ ነው። ነፍሱን የሚያሰናዳ ሰው ቤቱንም ሊያሰናዳ ይገባዋልና፥ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው መልካም ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ ሥርዐት ሠርቷል።

ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ስለ ኑዛዜ መናገር እንደ ሟርት ይቈጠራል። ሰው ጤነኛ ሳለ «ገና ምን ሆንሁና» ይላል፤ ሲታመምም ቤተ ሰቡ «ተስፋ ይቈርጣል» ብሎ ዝም ይላል። ከዚህ ዝምታ የተነሣ ከሁሉ ይልቅ የምትጐዳው ባልዋ የሞተባት ሚስት መሆንዋን ለአንባብያን ልናሳስብ እንወዳለን።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኑዛዜ ከሌለ ወራሾችን በሥጋ ዝምድና ይቈጥራል። አስቀድሞ ልጆች፥ ወንድ ሴት ሳይባል፥ በጋብቻም ሆነ ያለ ጋብቻ ቢወለዱ፥ እኩል ይወርሳሉ። ተወላጅ ከሌለ አባትና እናት ይወርሳሉ፤ እነርሱም ከሞቱ ልጆቻቸው፥ ይኸውም የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች ይተካሉ። ሚስት ለባልዋ፥ ባልም ለሚስቱ፥ በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገቡም።

እንግዲህ ልጅ ሳይወልዱ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው አንድ ቤት የሠሩ ባልና ሚስትን እናስብ። ባል ሳይናዘዝ ቢሞት፥ ቤቱ የጋራ ሀብት ስለ ሆነ ሚስት እኩሌታውን ትወስዳለች። ይህም የገዛ ድርሻዋ ነው እንጂ ውርስ አይደለም። የቀረው እኩሌታ ለባልዋ ዘመዶች ይሆናል። በተዝካሩ ማግስት «ድርሻችን ይሰጠን» ቢሉ፥ ሕግ ይዘዋልና ምን ትመልሳለች? ቤቱ ለመካፈል የማይመች ከሆነም ሊሸጥ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚደርስባት ባልዋ ጠልቷት ሳይሆን ዝም ብሎ በመሞቱ ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ መስጠቱን የምናስብ ክርስቲያኖች፥ የትዳር ጓደኛችንን ያለ አደራ ትተን ልንሄድ አይገባንም።

አንዳንዱ «በመጨረሻው ሰዓት በቃሌ እናገራለሁ» ይላል። ነገር ግን በሁለት ምስክሮች ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜ የሚጸናው ስለ ቀብር፥ ስለ ታናናሽ ልጆች አሳዳሪና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤትን በቃል ማውረስ አይቻልም። ተናዛዡ በሕይወት ቢቈይም ቃሉ ከ3 ወር በኋላ ይፈርሳል።

የሚሻለው በጽሑፍ መናዘዝ ነው። ኑዛዜው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበት፤ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙበት። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን 2 ይበቃሉ። በገዛ እጁ የሚጽፍም ኑዛዜ መሆኑን ገልጦ፥ ሁሉንም ራሱ ጽፎ፥ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑር፤ በ7 ዓመት ውስጥም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ ያስቀምጠው።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ቢናዘዙ ግን ፈራሽ ነውና፥ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ። ልጅን ከውርስ ለመንቀልም በቂ ምክንያት በኑዛዜው ውስጥ መገለጽ አለበት። የገጠር መሬት ይዞታ ደግሞ የራሱ ሕግ ስላለው አስቀድሞ ሕግ አዋቂን መጠየቅ ይበጃል።

ኑዛዜ ሞትን አይጠራም፤ ሞት በመጣ ጊዜ ግን በልቅሶው ቤት ጠብ እንዳይገባ ይከለክላል። በሚመጣው ጾም ለንስሐ ስንዘጋጅ፥ ባልና ሚስት በጤናችንና በሰላማችን ሳለን ይህንን ነገር ተመካክረን እንፈጽም። እግዚአብሔር ዕድሜ ለንስሐ፥ ዘመን ለፍሥሐ ይስጠን።