«ፓኽሜሞት» ማለት ምን ማለት ነው?

ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ ዲየታኒቷ «ፓኽሜሞት ቀንሱ» ትላለች። ብዙ ሰው «ስኳር ቀንሱ» ያለች ይመስለውና ከሻይና ከቡናው ስኳር ያስቀራል፤ እንጀራውና ዳቦው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ቃሉ እኮ እንጀራውንም ይጨምራል።

ስሙ ከሁለት የዕብራይስጥ ቃላት የተሠራ ነው፤ ፔኻም ከሰል ነው፣ ማይም ውሃ። ለጆሯችሁ ሁለቱም እንግዳ አይደሉም። ፔኻም ከእኛ «ፍም» ጋር፣ ማይም ደግሞ ከግዕዙና ከትግርኛው «ማይ» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ፈረንጆቹ ካርቦሃይድሬት የሚሉትም ያው ነው፤ ካርቦ በላቲን ከሰል፣ ሃይድሬት ከግሪኩ የውሃ ስም የመጣ። ለምን ከሰልና ውሃ ተባለ ቢሉ፣ ስኳር ምጣድ ላይ ብታሳርሩት እንፋሎቱ ይወጣና ጥቁር ከሰል ይቀራል። ኢትዮጵያ ውስጥ «ኃይል ሰጪ ምግብ» ይሉታል፤ ይሄኛው ስም የተሻለ ይገልጸዋል፣ ግን እዚህ አገር እሽግ ላይ አታገኙትም።

ፓኽሜሞት በብዛት ያለው እንጀራ (የጤፍም ቢሆን)፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ማርና ጭማቂ ውስጥ ነው። ሽሮና ምስርም አላቸው፤ ሆኖም ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው የደም ስኳርን ቀስ ብለው ነው ከፍ የሚያደርጉት። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ዘይት ምንም የላቸውም ማለት ይቻላል።

እሽጉ ላይ «ሳኽ ሀፓኽሜሞት» የሚለው ጠቅላላው መጠን ነው። ከሥሩ «ሱካሪም» የሚለው ከዚያ ውስጥ ስኳር የሆነውን ብቻ ያሳያል። ደረቅ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም 80 ግራም ገደማ ፓኽሜሞት አለው፣ ሱካሪሙ ግን ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ከ2020 ጀምሮ የምናየው ቀይ ምልክትም ስለ ስኳር፣ ስለ ጨውና ስለ ጎጂ ስብ እንጂ ስለ ፓኽሜሞት አይናገርም። ቀይ የለውም ብላችሁ ሩዙን አትከምሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳታማክሩ እንጀራ በአንድ ጊዜ አታቁሙ፤ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ቶሎ ጭማቂ ወይም ስኳር በውሃ ይጠጣ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥ፣ 101 ይደወል። ለኪፑርም ሆነ ለስግድ ከመጾማችሁ በፊትም ሐኪሙን ጠይቁ።

ዲየታኒቷ በግራም ስትቆጥርባችሁ «በአንድ ገበታ ስንት እንጀራ ማለት ነው?» በሏት። የምትበሉትን እንጀራ መጠን በእጃችሁ አሳዩአት፤ የቤት እንጀራ ትልቅና ትንሽ አለውና።