በስፍር ነው በሚዛን?

መሳለሚያ እህል በረንዳ ለሚውል ነጋዴ፣ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ እኩል እንደማይመዝኑ ማስረዳት ድፍረት ነው። ስፍሩ አንድ ቢሆንም ሚዛኑ ለጤፍ ያደላል። በስፍር የገዛውን በኪሎ የሚሸጥ ሰው ይህን ከዘነጋ አመሻሹ ላይ ኪሱ ይነግረዋል።

እዚያው ሰፈር፣ ድራፍት ቤት ጓሮ የቆመው ሲሊንደር ጋ ሲደረስ ግን ጥበቡ ሁሉ ይረሳል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ አስተናጋጅ ጃምቦውን እየቀዳ «ጋዙ ንጹህ ነው ጋሼ፣ 99.9 ነው» ሲለው ሰምቷል። የቀረውስ? «እሷማ ምን አላት!»

ቢራን አረፋ የሚያስደፍቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እርሾ ስኳር ሲበላ ይወጣል። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 88 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህንኑ ሰብስበው፣ አጥበውና አድርቀው መልሰው ይጠቀሙበታል። በፈረንጆቹ 1922 ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከተመሠረተ ወዲህ ስለ ብቅሉና እንደ ጌሾ ስለሚያገለግለው ሆፕ ብዙ ተወርቷል፤ ጋዙን ግን የሚያስታውሰው የለም።

ወደዚያች «ምን አላት» ወደተባለች 0.1 በመቶ እንመለስ። አንድ በመቶ ማለት 10,000 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ 10,000 እጅ ነው። ስለዚህ 0.1 በመቶ 1,000 ፒፒኤም ይሆናል። ዋናው ጥያቄ ይህ 1,000 ምንድን ነው የሚለው ነው። ናይትሮጅን ከሆነ ቢራው ብዙም አይከፋም። ኦክስጅን ከሆነ ግን ጣዕሙን ያስረጀዋል፤ ሲቆይ የረጠበ ካርቶን ይሸታል። በዓለም አቀፉ የመጠጥ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያ 99.9 የሆነ ጋዝ ከ30 ፒፒኤም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ አይገባም። ይህ 30 በስፍር ነው።

ቢራው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ግን የሚነገረው በሚዛን፣ በፒፒቢ፣ ማለትም ከቢሊዮን ስንት እጅ እየተባለ ነው። ቁናው ወደ ኪሎ መዞር አለበት። የኦክስጅን ሞለኪውል 32፣ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ 44 ስለሚመዝን ኦክስጅኑ ጤፍ ውስጥ እንደገባ ገብስ ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ ቀላል ነው። 30ን በ32 አባዝቶ ለ44 ማካፈል 22 ገደማ ይሰጣል። ለአንድ ሊትር ቢራ 2 ግራም ጋዝ ቢጨመርና ኦክስጅኑ ሁሉ ሟሙቶ ቢቀር 44 ፒፒቢ አብሮ ገባ ማለት ነው። ብዙ ጠማቂዎች ታሽጎ የሚወጣው ቢራ ጠቅላላ ኦክስጅኑ ከ50 እንዳያልፍ ይፈልጋሉ፤ «ንጹሁ» ጋዝ ብቻውን ያንን ሊጨርሰው ምን ቀረው? ያ 1,000 ፒፒኤም እንዳለ አየር ቢሆን ደግሞ 305 ፒፒቢ ይደርሳል። የምስክር ወረቀቱ አሁንም 99.9 ይላል።

በሚዛን 25 ፒፒኤም ኦክስጅን ተብሎ የተጻፈን በስፍር ነው ብሎ የተረከበ የዕቃ ግዢ ሠራተኛ፣ በእውነቱ 34 የሆነ፣ ገደቡን ያለፈ ጋዝ ወደ ቤቱ አስገብቷል። ወረቀቱ ላይ ስፍር ይሁን ሚዛን ሳይጻፍ ፊርማ ማኖር ስንፍና ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። የከተማዋ አየር እንደ ባሕር ዳርቻው ሁሉ ከመቶ 20.9 እጁ ኦክስጅን ነው፤ ከፍታ ይህን ድርሻ አይቀንሰውም። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ብዙ የኦክስጅን መለኪያዎች ደግሞ የሚያዩት ድርሻውን ሳይሆን የኦክስጅኑን ግፊት ነው። ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ የመጣ እንዲህ ያለ መሣሪያ እዚህ ደጅ ላይ ቢከፈት 16 ገደማ ያሳያል፤ 30 ፒፒኤም የያዘውን ጋዝም 22 ገደማ ነው ይላል።

ይህ 22 ቀደም ሲል ስፍር ወደ ሚዛን ሲዞር ከወጣው 22 ጋር በአጋጣሚ ይገጥማል። ግፊቱን ሳያስተካክል የለካ ባለሙያ «ይሄማ በሚዛን የተሰጠ ነው» ብሎ ራሱን ያሳምናል፤ መዝገቡ ላይም ስሌቱ ልክ ሆኖ ይቀመጥለታል።