የሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ሊሰጥ ይገባልን?

በማኅበር ጽዋም ሆነ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ወላጆች ሲጨዋወቱ ዘወትር የሚነሣ አንድ አቤቱታ አለ። ልጄ የዓለምን ታላላቅ ወንዞች በቃሉ ይዘረዝራል፤ ሒሳቡንም ሳይቸገር ያሰላል፤ ነገር ግን አቡነ ዘበሰማያትን ሳይሳሳት አያደርስም፤ ረቡዕና ዓርብ ለምን እንደሚጾም ቢጠየቅም መልስ የለውም ይላሉ። ነገሩ በዚህ አይቆምም፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ «መንግሥት በትምህርት ቤቱ የሃይማኖት ትምህርት ቢያስገባልን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር» ይላል፤ የቀሩትም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጸኑለታል።

ይህ ምኞት ከክፉ ልብ የመነጨ አይደለም። ልጁ ከእጁ እየወጣበት መሆኑን ያየ አባት የሚያሰማው ቃል ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ዳሩ ግን የሚለመነው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል፤ ለዚሁ የሚመስል ነገር በሀገራችን ተሞክሮ ያለፈ ስለ ሆነ፣ ፍጻሜውም በታሪክ ይገኛልና።

በቀድሞው ዘመን ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር፤ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ አጥር ውስጥ ነበሩና። ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ይላል፤ አቡጊዳውን ይለያል፤ ከዚያም ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ግብረ ሐዋርያትና ወደ ወንጌለ ዮሐንስ ይሻገራል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ልጁ ዳዊት የደገመለት አባት እንደ አቅሙ ደግሶ ዘመድ ወዳጁን ይጠራ ነበር። ፊደል መቍጠርና ሃይማኖት መማር አንድ ሥራ እንጂ ሁለት አልነበሩም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጁን እጁን ይዞ ወደ የኔታ የሚያደርሰው ሹም ወይም ዳኛ ሳይሆን አባቱ ነበር። መምህሩም የሚኖረው በደብሩ መሬትና በወላጆች እህል ነበር። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲያስታውሱ፣ «በድሮ ጊዜ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት ይሰጥ ነበር» ብለው ይተርኩታል፤ ነገር ግን ያ ትምህርት ቤት የመንግሥት አልነበረም።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የተባለው የተጀመረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ባስከፈቱ ጊዜ ነው። ገና ከመነሻውም የሃይማኖት ነገር ተነሣበት። የውጭ ቋንቋና የአውሮፓን ጥበብ የሚያስተምሩ ሰዎች ከአውሮፓ ቢመጡ የሕዝቡን ሃይማኖት ያናውጣሉ የሚል ስጋት ከካህናቱ በኩል ስለ ቀረበ፣ በስምምነት የቅብጥ ክርስቲያኖች የሆኑ መምህራን ከግብፅ እንዲመጡ ተደረገ። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ አባቶችን ያሳሰባቸው «ምን ያስተምራል?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የሚያስተምረው ማን ነው?» የሚለውም ነበር።

ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ፣ ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት ከሒሳብና ከጂኦግራፊ ጋር ተሰልፎ ይሰጥ ነበር፤ የክርስትናም መንፈስ ነበረበት። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሕግ የታወቀችና በመንግሥት የምትደገፍ መሆኗን ደነገገ። ዛሬ የሚለመነው ነገር በዚያን ጊዜ በእጅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ዘመን ሕጎች ሁሉ ግን ለጉዳያችን ይልቁን የሚጠቅመው በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮናውያን የወጣው ድንጋጌ ነው። ይህ ድንጋጌ ሀገሪቱን የቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚስዮን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ በሁለት ለያት። በቤተ ክርስቲያኒቱ ክልል ሚስዮናውያን ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ይችሉ ነበር፤ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ቢሆን ግን ለክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ ከሆነው አልፈው የየራሳቸውን እምነት ለሕፃናቱ እንዳያስተምሩ ተከለከሉ። የሕጉ አሳብ ግልጽ ነው፤ ፊደል ልማር ብሎ የመጣውን ሕፃን ከአባቱ ሃይማኖት ማውጣት አይገባም ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን ሕግ በደስታ ተቀበሉት፤ የሚጠበቀው የእነርሱ ልጅ ነበርና። ታዲያ ይህ ነገር በእኛ ልጅ ላይ ሲደረግ ግፍ ከሆነ፣ በሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጅ ላይ ሲደረግ ስሙ ምን ይባላል? በአንዱ ሚዛን ለራስ፣ በሌላው ሚዛን ለባልንጀራ መስፈር በመጽሐፍ የተወገዘ ነው።

አብዮቱ በ1966 ዓ.ም. ፈነዳ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ ሲወረስ የአድባራትና የገዳማት መሬት አብሮ ሄደ፤ የአብነት መምህራንም የሚኖሩበት ጠፋ። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሡ፤ በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። በትምህርት ቤትስ ምን ሆነ? የግብረ ገብ ቦታ ባዶ አልቀረም። የማርክስና የሌኒን ትምህርት ገባበት። ጥቍር ሰሌዳው ያው ነው፤ ደወሉ ያው ነው፤ ብዙ ጊዜም መምህሩ ያው ሰው ነው። ትናንት ስለ እግዚአብሔር ፍርሃት የተነገረው ልጅ ዛሬ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው ተብሎ ተነገረው፤ ሁለቱንም በአንድ ደብተር ጻፈ፤ በሁለቱም ተፈተነ።

በዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ልጁን «እምነትህን መንግሥት ከቀጠረው ሰው አፍ ተቀበል» ብለን ካለማመድነው፣ መንግሥት አሳቡን በለወጠ ቀን ልጁም ያንኑ ልማድ ይዞ ይገኛል። በዚያ ዘመን በሕዝቡ ዘንድ የተረፈው ሃይማኖት ትምህርት ቤት ያኖረው አልነበረም። ካድሬ በሌለበት ሰዓት ልጆቿን ሰብስባ ውዳሴ ማርያም የምታስደግም እናት፣ ጾሙን በዝምታ የሚጾም አባት፣ ያለ ደመወዝ ፊደል የሚያስቈጥር የኔታ ያኖሩት ነው። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት መሥራቾቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ እነዚህም ወጣቶች የተማሩት ሃይማኖት በተነቀፈበት ትምህርት ቤት ነው። እምነታቸውን ከየት እንዳገኙት መጠየቅ ለእኛ ይጠቅመናል።

ዛሬ ያለው ሕግ ምን ይላል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ከሃይማኖት የተለየ እንዲሆን አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በ90ኛውም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነጻ እንዲሆን ደነገገ። ብዙ ሰው እስከዚህ ድረስ ያነብና ያዝናል። ነገር ግን 27ኛውን አንቀጽ ደግሞ ያንብብ፤ በዚያ ላይ ምእመናን የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትን ማቋቋም እንደሚችሉ፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በገዛ እምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ሕጉ ሥራውን ከመምህሩ እጅ ወስዶ በአባትና በእናት እጅ አኖረው። የከበደንም ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ልመናው ተፈጸመ እንበልና ወደ መማሪያው ክፍል እንግባ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ከሀገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 43.5 ኦርቶዶክሳዊ፣ ከመቶ 34 ያህል ሙስሊም፣ ከመቶ 18.5 ያህል ፕሮቴስታንት ነበር፤ ካቶሊክና የባህል እምነት ተከታይም አለ። ስለዚህ በብዙ ስፍራ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሦስት ልጆች የሦስት ቤት ልጆች ናቸው። መምህሩ ደግሞ በትምህርት ማስረጃው እንጂ በጥምቀቱ አይቀጠርም፤ ስለ ምሥጢረ ቍርባን ለልጃችን የሚያስረዳው ሰው በቍርባን የማያምን ሊሆን ይችላል። ይህን እንወዳለንን? ለሁሉ የሚስማማ አንድ መጽሐፍ ይዘጋጅ ቢባልም የሚያጣላው ሁሉ እየተፋቀ ይወጣል፤ አስቀድመው የሚፋቁትም ምሥጢረ ሥላሴና ምሥጢረ ሥጋዌ ይሆናሉ። የቀረው አትስረቅ፣ አትዋሽ፣ ታላቅህን አክብር የሚለው ነው፤ እርሱ መልካም ነው፤ አሁን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኛዎቹ ክፍሎች በግብረ ገብ ስም እንደ ገና እየተሰጠ ነው። የሃይማኖት ትምህርት ነው ብሎ ራሱን የሚያታልል ግን አይኑር። ፈተናውንም አንርሳ፤ በሃይማኖት ከመቶ 45 አግኝቶ የወደቀ ልጅ ለንስሐ አባቱ ምን ብሎ ይነግራል?

ይህ ጭንቅ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሪክ ኦርቶዶክሳዊት ሀገር ናት፤ ሕገ መንግሥቷም የሃይማኖት ኅሊናን ማሳደግ ከትምህርት ዓላማዎች አንዱ መሆኑን ይናገራል። ልጁ ከሃይማኖት ትምህርት እንዲቀርለት የሚፈልግ ወላጅ ግን ልጁ ኦርቶዶክሳዊ አለመሆኑን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ ነበር። ሚሎስና ሲፍኖስ በሚባሉት ትንንሽ ደሴቶች የሚኖሩ ወላጆች ነገሩን እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት፤ ፍርድ ቤቱም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ፈረደላቸው። ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ደሴት ላይ እምነትን በወረቀት አስመስክሮ ልጅን ከጓደኞቹ መለየት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በሙስሊም ሀገር በስደት የኖረ ክርስቲያን ሁሉ ይረዳዋል።

በአሜሪካም፣ በኢሊኖይ ግዛት በሻምፔይን ከተማ፣ የፕሮቴስታንት፣ የካቶሊክና የአይሁድ መምህራን በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየገቡ የየወገናቸውን ልጆች ያስተምሩ ነበር። የማይማር ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ በሌላ ስፍራ ይቈያል። አንዲት እናት ስለ ልጃቸው ተከራክረው ጉዳዩ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1940 ዓ.ም. ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ብለው ፈረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ከኒው ዮርክ ሌላ ጉዳይ መጣ። በዚያ ከተማ ወላጆቻቸው በጽሑፍ የጠየቁላቸው ልጆች በትምህርት ሰዓት ተለቅቀው ወደየጸሎት ቤታቸው ሄደው ይማሩ ነበር፤ ይህንን ፍርድ ቤቱ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ፈቀደው። ልዩነቱ ያለው በደጃፉ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ አላስተማረም፤ በሩን ብቻ ከፈተ፤ ያስተማረው የሃይማኖቱ ቤት ነው። በዚያች ሀገር የሚኖሩት የእኛ ወገኖችም ልጆቻቸውን በአብዛኛው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየላኩ፣ ሃይማኖቱን በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ያስተምራሉ፤ ልጆቹ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይልቅ እየከበዳቸው፣ መምህራኑ ደግሞ እንግሊዝኛው እየከበዳቸው።

በሌላ ወገን ያሉ ሰዎች የሚሉትም አለ፤ የሚናቅም አይደለም። ስለ እግዚአብሔር ፈጽሞ የማይነገርበት ትምህርት ቤት ዝም በማለቱ ብቻ፣ እግዚአብሔር ለዕውቀት አያስፈልግም ብሎ ያስተምራል ይላሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ልንጠይቀው የሚገባን ነገር አይጠፋም። የሚጾመውን ልጅ መምህሩ እንዳይዘባበትበት እንጠይቅ። ታሪክም በእውነት ይነገር፤ ስለ አክሱም ጽዮን፣ ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ ላሊበላ ሳይነገር፣ ስለ ነጋሺም ሳይነገር የኢትዮጵያ ታሪክ ተነገረ አይባልም። ይህ ግን ስለ ሃይማኖት ማወቅ ነው፤ ሃይማኖትን መቀበል ሌላ ነው። ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነበር፤ ሙሴም ሕጉን ለልጆች እንዲያስተምሩ ያዘዘው በቤት ሲቀመጡና በመንገድ ሲሄዱ ነው።

የቤቱ ሥራ ያን ያህል ረጅም ሰዓት አይፈልግም። ትምህርት በፈረቃ በሆነበት ስፍራ ልጁ ግማሽ ቀን እቤት ነው፤ ክረምቱም አለ። ከእራት በፊት አንድ የጸሎት ክፍል፣ ቅዳሜ ማታ የነገውን ወንጌል ማንበብ፣ በጾም ጊዜ «ይህን የማንበላው ስለዚህ ነው» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። ጽሕፈት የማያውቁ እናቶች እንኳ በቃላቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

ከቤቱ ይልቅ የሚያስወቅሰው የደብሩ ነገር ነው። ቃለ ዓዋዲው ልጆችና ወጣቶች ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት እንዲታቀፉ ያዝዛል። ሆኖም በብዙ አጥቢያ የአራት ዓመቱና የሃያ ዓመቱ ልጅ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ መዝሙር ያጠናሉ፤ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር በየዕድሜው ተከፋፍለው የሚሰጡበት ስፍራ ጥቂት ነው። ለደወል ቤት፣ ለአጥር፣ ለጕልላት ገንዘብ ሲለመን ሕዝቡ እጁን ይዘረጋል፤ ለመምህር ግን ሲለመን አይሰማም። ልጁን ለሒሳብ የሚያስጠና ሰው በየወሩ ከፍሎ የሚያመጣ ወላጅም ለየኔታ የሚሰጠው በበዓል ቀን የሚተርፈውን ነው። በሚመጣው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ የሕንፃው ሒሳብ ከተነበበ በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ የአብነት መምህሩና የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ በወር ስንት ብር እንደሚከፈላቸው ይጠይቅ።