የአርማታ ብርታት በየትኛው ቁና ይለካል?

በቀድሞ ዘመን የእህል መስፈሪያው ቁና ከአገር አገር ልዩ ልዩ ነበርና፣ ብልህ ሸማች ዋጋውን ከመስማቱ በፊት ቁናውን ያይ ነበር። ዛሬም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የሕንፃ ሥራ እንዲቈጣጠር የተመደበ ወጣት፣ ከቤተ ሙከራ የመጣለትን የአርማታ ውጤት ሲያነብ እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

እንደሚታወቀው፣ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ የተቦካው አርማታ በብረት ቅርጽ ማውጫ ይሞላል፤ ከጠነከረም በኋላ በውሃ ውስጥ ቈይቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ28ኛው ቀን፣ በመጭመቂያ መኪና እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ከተቦካ አርማታ የተወሰዱ ናሙናዎች ሁሉ አንድ ውጤት አይሰጡም። ጐኑ 150 ሚሊሜትር የሆነ ኩብ 30 ሜጋፓስካል ቢሸከም፣ የአግድመት ስፋቱ 150፣ ቁመቱ 300 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር የሚሸከመው 25 ያህል ነው። ባለ 100 ሚሊሜትሩ ኩብ ከ30 ጥቂት ይበልጣል፤ ባለ 200ው ደግሞ ከመቶ 5 እጅ ያህል ያንሳል።

ይህ ስለ ምን ይሆናል ቢሉ፣ ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የቅርጽ ነገር ነው። አርማታ ከላይና ከታች ሲጨመቅ ወደ ጐን ሊያብጥ ይፈልጋል፤ የመኪናው የብረት ሰሌዳዎች ግን በሰበቃ ጫፎቹን ጨብጠው ይይዙታል። ኩቡ አጭር ስለ ሆነ ይህ ድጋፍ መላ አካሉን ያዳርሰዋል፤ የሲሊንደሩ ወገብ ግን ነጻ ነው። ሁለተኛው የመጠን ነገር ነው። ገመድ የሚበጠሰው በደከመበት ስፍራ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ናሙናው በተለቀ መጠን ክፉ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቀዳዳ በውስጡ የመገኘቱ ዕድል ይበዛል። ይህን አሳብ የስዊድኑ መሐንዲስ ዋሎዲ ዌይቡል እ.ኤ.አ. በ1939 በሒሳብ አስረድቶታል።

በአሜሪካ የሁቨር ግድብ ሲሠራ፣ አርማታው እስከ 23 ሳንቲሜትር የሚደርስ ድንጋይ ነበረበትና በተለመደው ቅርጽ ማውጫ ሊሞላ አልቻለም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ 91 ሳንቲሜትር ስፋትና 183 ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸውን ሲሊንደሮች እያዘጋጁ ሰበሩ። በዚህም ብርታቱ ከመጠኑ ጋር እየቀነሰ ሄዶ፣ ስፋቱ ወደ 45 ሳንቲሜትር ከደረሰ በኋላ ግን እምብዛም እንደማይቀንስ ተረዱ።

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በንድፉ ላይ «ሲ 25/30» ተብሎ ሲጻፍ፣ 25 የሲሊንደሩ፣ 30 የኩቡ ነው። ተቋራጩ ከኩብ የተገኘ 26 ይዞ ቢመጣና ወጣቱ ሹም «ከ25 በልጧል» ብሎ ቢፈርምለት፣ የተቀበለው አርማታ በሲሊንደር ቢለካ ከ21 ወይም ከ22 የማያልፍ ነው። ጉድለቱ በወረቀቱ ላይ አይታይም፤ በዚያ ዓምድ ላይ ግን ሰዎች ፎቅ ሠርተው ይኖሩበታል።

እንግዲህ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የናሙናውን ቅርጽ፣ መጠንና ዕድሜ፣ እንዲሁም የትልቁን ጠጠር ልክ ይጠይቅ። ጥያቄው የሚወስደው ጊዜ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።