«ቴብል» ሁልጊዜ ጠረጴዛ አይደለም

«ቴብል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል በመማሪያ ክፍል ጠረጴዛ፣ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ደግሞ 118ቱ ንጥረ ነገሮች የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ነው። በጂኦሎጂ «ዋተር ቴብል» ሲባል ግን ከመሬት በታች አፈሩና አለቱ በውሃ የተሞላበት ክፍል የላይኛው ወለል ማለት ነው።

ይህ ወለል እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ሆኖ ባለበት አይጸናም። ለምሳሌ በቆቦ ሜዳ ከምዕራቡ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በደለሉ ውስጥ ሰርጎ ከፍ ያደርገዋል፤ ለመስኖ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። በሚሳብበት ጉድጓድ ዙሪያ ወለሉ እንደ ተገለበጠ ሾጣጣ ይሰረጉዳል። ከሚሰርገው የሚሳበው ከበለጠ ወለሉ ከዓመት ዓመት ይርቃል፤ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶችም ቀድመው ይደርቃሉ።

ስለዚህ የቃሉን ፍቺ መለየት ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። «ቴብል»ን በጠረጴዛነቱ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ፣ ውሃው ምንጊዜም ባለበት የሚቆይ ይመስለዋል።