የጧሪ ዋጋ በየትኛው ሚዛን?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ገብስ ይዞ የወረደ ገበሬ ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም። ገዢውም እንዲሁ። ሁለቱም ኪሎውን ያያሉ፤ እህሉን በመዳፋቸው ዘግነው ያገላብጣሉ፤ ነቀዝ ወይም አፈር ከተገኘበት ዋጋው ይወርዳል። ሚዛኑ ካልታመነ ደግሞ ወደ ሌላ ነጋዴ ይኬዳል።

በዚችው ከተማ ሚዛን የሌለው ሌላ ገበያ አለ። የሚሸጠው የአረጋውያን እንክብካቤ ነው። ከፋዩ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ሻጩ በቤት የተቀጠረች አስታማሚ፣ የሩቅ ዘመድ ወይም የመጦሪያ ማዕከል ሊሆን ይችላል። አገልግሎቱን የሚቀበሉት ግን ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው እናት ወይም አባት ናቸው። በዋጋው ድርድር ላይ እሳቸው ብዙ ጊዜ የሉበትም።

የሚከፍለውና የሚጠቀመው ሰው በተለያየበት ገበያ ዋጋ ስለ ጥራት እምብዛም አይናገርም። ብዙ የተከፈለበት እንክብካቤ መጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ምንም ያልተከፈለበትም መልካም ሊሆን ይችላል። ታዲያ ልጅ በምን ይመዝን?

ሦስት ዓይነት ውል

“ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ” የሚለው ምርቃት ነፃ ነገር ይመስላል። ገበያው ግን የራሱ ክፍያ አለው።

የመጀመሪያው ክፍያ መሬት ነው። በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ፣ እንዲሁም ከ2010 ዓ.ም. የዞን ክፍፍል ወዲህ በማዕከላዊ ጎንደር በተካተተው በወገራ፣ ጉልበት የከዳቸው አዛውንት፣ በተለይም ባል የሞተባቸው ሴቶች፣ መሬታቸውን ለሚያርስ ሰው በእኩል ወይም በሲሶ ይሰጣሉ። ገፋ ሲልም “ጡረኝና መሬቴን ውሰድ” የሚል ስምምነት ይመጣል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት ሕግ ባለይዞታው መብቱን በስጦታም ሆነ በኑዛዜ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል።

ሁለቱ መንገዶች ግን በገበያ ዓይን አንድ አይደሉም። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው፤ ጧሪው ካጓደለ ሊሻር ይችላል። ስጦታ ግን ሂሳቡን አስቀድሞ እንደ መክፈል ነው። የይዞታ ደብተሩ ከተላለፈ በኋላ በውሉ ውስጥ የመጦር ግዴታ ካልተጻፈ አዛውንቱ በእጃቸው የሚቀር ነገር የለም። ዕቃውን ሳያይ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ገበሬ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ክፍያ ደመወዝ ነው። በከተማው ከደላላ ወይም ከዘመድ የተገኘች ወጣት ሴት ምግብ አብሳይ፣ ልብስ አጣቢና አስታማሚ ሆና ትቀጠራለች። የወር ክፍያውን አብዛኛውን ጊዜ ከዱባይ፣ ከቤሩት፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የሚላክ ገንዘብ ይሸፍነዋል። ላኪዋ ልጅ ራሷ የሰው አገር አዛውንት የምታነሳ የምትጥል የሆነችበት ጊዜም ብዙ ነው።

ሦስተኛው የበጎ አድራጎት ማዕከል ነው። በዚህ መስክ በአገሪቱ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በየክብር ዶክተር ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። “ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው” በሚል መርሁ ይታወቃል። እዚህ ተረጂው አይከፍልም፤ ከፋዩ ለጋሹ ሕዝብ ነው።

በሦስቱም ውል ከፋዩ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅና ልጅ ችግር ላይ ሲወድቁ አንዱ ለሌላው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ጡረታም አለ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ወደ ጡረታ ሥርዓት አስገብቷል። ይሁን እንጂ የጡረታ መዋጮ የሚቆረጠው ከደመወዝ ስለሆነ የደባርቅ ገበሬና የጎንደር ጠላ ሻጭ ከዚህ ማዕድ አይቋደሱም።

እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ገንዘብና ስለ ቀለብ ነው። ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ሌሊት ማን ያገላብጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም።

የሌሊቱ ሂሳብ

የእንክብካቤ ዋናው ወጪ ሰው ነው። ሂሳቡም ቀላል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። 168 ለ48 ሲካፈል ሦስት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ አልጋ ሌት ተቀን አንድ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር ሦስት ተኩል ሠራተኛ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ይህን ሁሉ የምትሸከመው አንዲት ልጅ ናት። በግለሰብ ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎት ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውጭ በመሆኑ የ48 ሰዓቱ ገደብ ለእሷ አይደርሳትም። እንቅልፍ ያጣች አስታማሚ ክፉ ሆና ሳይሆን ደክማ አዛውንቱን ትረሳለች።

በማዕከል ደረጃም ሂሳቡ ያው ነው። በአንድ ክፍል 12 ከአልጋ የማይነሱ አረጋውያን አሉ እንበል። የነርሶች የቆየ ደንብ እንዲህ ያለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ እንዲቀየር ይመክራል። አንዱን ለማገላበጥና ልብሱን ለመቀየር 10 ደቂቃ ቢፈጅ 12ቱን ለማዳረስ 120 ደቂቃ ይሄዳል። ሁለቱ ሰዓት አለቀ ማለት ነው። አንድ የሌሊት ሠራተኛ ውሃ ሳትጠጣ፣ ሳትቀመጥ እስኪነጋ ብትሠራ እንኳ ደንቡን ለጥቂት ነው የምታሟላው። ስለዚህ “ስንት አልጋ አላችሁ?” ከሚለው ጥያቄ በፊት “ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስንት ሰው ነቅቶ ይገኛል?” ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

የሰው አገር ሚዛን

ሌሎች አገሮች ሚዛን ለማበጀት ከሞከሩ ቆይተዋል። ሐኪሙ አቬዲስ ዶናቤድያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት ነገር ይታያል አለ። እነሱም ያለው ግብዓት፣ የሚሠራው ሥራና የተገኘው ውጤት ናቸው። እንግሊዝ በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቷ አማካይነት መጦሪያ ቤቶችን በአራት ደረጃ ትመድባለች። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ትሰጣለች።

ከአሜሪካው ኮከብ የሚገኝ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሠራተኛውን ቁጥር የሚያሳውቁት ራሳቸው መጦሪያ ቤቶቹ ነበሩ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ቁጥሩን ከደመወዝ መዝገብ መቀበል ሲጀምርና በ2018 ለኮከቡ ሲጠቀምበት የበርካታ ቤቶች ደረጃ አሽቆለቆለ። ሻጭ ራሱ የያዘው ሚዛን የትም አገር ያው ነው።

የሚያታልሉ ምልክቶች

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በአንሶላ ላይ ነው። ነጭና ደረቅ አንሶላ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ውሃ የተከለከለ ሰውም አልጋ አያረጥብም። የሥራ ጫና የበዛበት አስታማሚ ሽንትን ለመቀነስ መጠጥ ሲቀንስ አዛውንቱ ከንፈራቸው ይደርቃል፣ ይደነግዛሉ፣ ሽንታቸው ይጠቁራል። አንሶላው ግን ንጹሕ ነው።

ዝምታም እንዲሁ ነው። “አያስቸግሩም፣ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ” የሚለው ወሬ ምስጋና ላይሆን ይችላል። መድኃኒት በዝቶባቸው ወይም ተስፋ ቆርጠው ሊሆን ይችላል።

ትልቁ አታላይ ስልክ ነው። ልጅ ከባሕር ማዶ ደውላ “እማ፣ ደህና ነሽ?” ስትል እናት “ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ይላሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዘችላቸው አስታማሚዋ ናት። አጠገባቸው ቆማ እያለች ሌላ ምን ይበሉ?

የማይዋሹ ምልክቶች

የመጀመሪያው ቆዳ ነው። ሳይገላበጥ የቆየ ሰው ተረከዙ፣ ዳሌውና ከወገቡ በታች ያለው አጥንት ይቆስላል። በውጭ መጻሕፍት “ቀይ ምልክት ፈልግ” የሚል ምክር ይበዛል። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት አይለይም። ስለዚህ ቦታው በእጅ ይዳሰስ። ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ከሆነ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። ጠያቂ ልብስ ገልጦ ለማየት ሲፈልግ የሚከለክል ቤት መልሱን በዚያው ሰጥቷል።

ሁለተኛው ክብደት ነው። በወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ሳይፈልግ የቀነሰ አረጋዊ አስቸኳይ ትኩረት ይሻል። 50 ኪሎ ለነበሩ እናት ይህ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። መቆም ካቃታቸው አንድ ጎልማሳ አቅፏቸው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ብቻውን ይመዘናል፤ ልዩነቱ የእሳቸው ነው። ያም ካልተቻለ ክንዳቸውን በሜትር መለካትና ቁጥሩን ከወር ወር ማወዳደር ይቻላል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ናቸው። ጠያቂ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ከማየት ይልቅ ሲነጋጋ ቢደርስና እጅና እግራቸውን ቢዳስስ ስንት ጋቢ እንደተደረበላቸው ያውቃል።

አራተኛው ምግብ ነው። አጥሚቱና ሽሮው ቀርቧል ወይ ሳይሆን ማን አጎረሳቸው፣ ስንት ጉርሻ ወሰዱ የሚለው ነው ጉዳዩ። ጥርስ ለሌለው ሰው ፊት ቀርቦ የተመለሰ ሳህን ምግብ አይባልም።

ሙያው አለ፣ ገበያ ላይ አልወጣም

ጎንደር በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒታሪያን ባለሙያዎችን አሰልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። ዛሬ ነርስም ፊዚዮቴራፒስትም ያስመርቃል። በሽተኛን ወገብ ሳይጎዱ ማንሳት፣ ማገላበጥና ማጎረስ የሚያስተምር ሰው ከተማው ውስጥ አለ።

የሚገርመው ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትሄድ ኢትዮጵያዊት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራት ይጠይቃል። የዱባዩ ወይም የጅዳው አዛውንት የሚያነሳቸው ሰው የምስክር ወረቀት ይጠየቅበታል። የጎንደሯ እናት አስታማሚ ግን የምትጠየቀው ተያዥ ብቻ ነው። የጥቂት ቀናት ሥልጠና የወሰደች አስታማሚ ከሌላዋ ትንሽ ከፍ ያለ ደመወዝ ብትጠይቅ ልጆች የሚከፍሉላት ይመስላል፤ እስካሁን ግን የሚለያት ምልክት አላገኙም።

ተቆጣጣሪው ማን ነው?

ለኮከብ የሚሆን መሥሪያ ቤት እስኪመጣ ድረስ ከተማውም ደጋውም የራሳቸው ዓይን አላቸው። የንስሐ አባት ወደ ቤት ይገባሉ፤ ከአዛውንቷም ጋር ለብቻቸው መነጋገር ልማዳቸው ነው። ሌላ ሰው በሌለበት የሚነገር እውነት ከስልኩ “ደህና ነኝ” ይበልጣል። እድርተኛው፣ የሰንበቴው ማኅበርተኛ፣ የመስጊዱ ጀማዓና ቡና አጣጪ ጎረቤት ሳይጠሩ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ባሕር ማዶ ያለችው ልጅ ለአስታማሚዋ ከምትልከው ጎን ለጎን ለአንድ ጎረቤት “በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳትነግሪ፣ ገብተሽ እግራቸውን ዳሰሺልኝ” ብትል ርካሽና አስተማማኝ ተቆጣጣሪ አገኘች።

ለማዕከላት የሚለግሰው ሕዝብም ጥያቄውን ቢያሰፋ ይጠቅማል። የሕንፃ ፎቅና የተነሱ ሰዎች ቁጥር በቀላሉ ይታያል፤ ገንዘብም ያሰባስባል። የሌሊት ሠራተኛ ደመወዝ ግን ሪባን አይቆረጥለትም። ለጋሹ ለአንድ የሌሊት ተረኛ የዓመት ደመወዝ ቢያዋጣ በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጥ ሰው ገዛ ማለት ነው።

ዋጋውን መክፈል የልጅ ድርሻ ነው፤ መመዘኑም እንዲሁ። በወር አንድ ቀን እናትን ሚዛን ላይ ማውጣት፣ ኪሎውን በደብተር መጻፍ፣ ተረከዛቸውን መዳሰስና ብቻቸውን ሲሆኑ መጠየቅ ብዙ ወጪ የለውም። ለአንድ ኩንታል ገብስ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቤተሰብ ለእናቱ አያንስም።