አሶሳ ላይ ጎል ገባ... ፎቶው የታለ?

የታችኛውን ሊግ ዜና ስታነቡ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። ጨዋታው የተደረገው አሶሳ ነው፤ ጎሉን ያገባው የአሶሳ ልጅ ነው፤ ከዜናው ጎን የወጣው ፎቶ ግን የአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ካታንጋ ጢም ብሎ ሞልቷል! ከሥሩ በትንንሽ ፊደል «ፋይል ፎቶ» ይላል። በቃ። የዚያ ልጅ እናት ጋዜጣውን ብትገልጠው የምታገኘው የማታውቀውን ሰው ፊት ነው።

ካሜራ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን አያውቅም ማለት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. 9ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አሶሳ ላይ ሲከበር ከተማዋ በካሜራ ተጥለቅልቃ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅማ የዓለም ሌንስ ወደዚያው ዞሯል። ለበዓልና ለግድብ የሚመጣ ካሜራ ግን ለኳስ አይመጣም። ሱፐርስፖርት በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጋችንን ማስተላለፍ ሲጀምር ውድድሩ የዞረው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበር። ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው አሶሳ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እንግዲህ የአሶሳን ኳስ ፎቶ የሚያነሳ ካለ እዚያው ያለ ሰው ነው። የሰርግ ፎቶ አንሺው፣ ደጋፊው ወይም የኮሙኒኬሽን ባለሙያው።

ነገሩ ቀላል አይምሰላችሁ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4ለ2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ የነበረውን ስሜት እኛ በምን አወቅነው? ጃንሆይ ዋንጫውን ለአምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሲያስረክቡ በሚያሳየው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይደል? ያ ፎቶ አንሺ በዚያች ሰከንድ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ እኛም የምናየው ነገር አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ አሶሳ ላይ ካሜራ ይዞ ከሜዳው ዳር ለሚቆመው ሰው ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፓውዛ በሌለበት ሜዳ፣ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የሚሮጥ ሰው ለማንሳት ምን ልግዛ? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ ገንዘባችሁን ካሜራው ላይ ሳይሆን ሌንሱ ላይ አውጡት!

ችግሩ 11 ሰዓት ከ45 ላይ ነው

10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ሁለተኛው አጋማሽ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ተከላካዩ የሚደክመው፣ ሪጎሬ የሚሰጠው፣ አሰልጣኙ የሚጮኸው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። በኅዳር መጨረሻ አሶሳ ላይ ጸሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ አለፍ ሲል ነው። ሜዳው ዳር የማንጎ ዛፍ ካለ ደግሞ ጥላው ቀደም ብሎ ይገባል። ማለትም የጨዋታው ምርጥ ሰዓትና የብርሃኑ መጥፎ ሰዓት ይገጣጠማሉ።

እዚህ ላይ አሶሳ አንድ ነገር ታተርፋለች። አገሪቷ በሙሉ የምትቆጥረው በአንድ ሰዓት ነው፤ ጸሐይዋ ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለምትሄድ አሶሳ ላይ ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው የምትጠልቀው። የጭማሪ ሰዓት አንዱ አጋማሽ 15 ደቂቃ አይደል? አሶሳ ያለ ፎቶ አንሺ ከአዲስ አበባው ጓደኛው የበለጠ አንድ አጋማሽ የጭማሪ ሰዓት ብርሃን አለው ማለት ነው። ያም ሆኖ አይበቃም።

ለምን አይበቃም? ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታች ኳስ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። የካሜራችሁ ሹተር 1/60ኛ ሰከንድ ከተከፈተ ኳሷ በዚያች ቅጽበት 46 ሳንቲ ሜትር ትጓዛለች። የኳስ ውፍረት 22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ፎቶው ላይ የምታገኙት ኳስ ሳይሆን ነጭ ዱላ ነው። 1/250ኛ ላይም ቢሆን የግማሽ ኳስ ያህል ትሸሻለች። 1/1000ኛ ላይ ግን 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም። ለኳስ ጨዋታ 1/1000ኛ፣ ብርሃን ሲከፋ ቢያንስ 1/500ኛ ያስፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። ሹተሩ በፈጠነ ቁጥር ግን የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ያንን ብርሃን ከየት እናምጣው?

ከሌንስ ነዋ!

ሌንስ ላይ «ኤፍ» ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር አለ። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚሰፋ የሚናገር ነው። እንደ ደረጃ ሰንጠረዥ ቁጠሩት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻላል። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ረከስ ያለ ዙም ሩቁን ስትስቡበት ኤፍ 5.6 ይሆናል። ኤፍ 2.8 የሆነ ሌንስ ከሱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። አራት እጥፍ! ይህን ወደ ሜዳ ስናመጣው፣ ጥሩው ሌንስ አይኤስኦ 1600 ላይ የሚሠራውን ፎቶ ርካሹ ሌንስ አይኤስኦ 6400 ካላደረጋችሁት አይሰጣችሁም። አይኤስኦ ደግሞ ሲጨምር ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ የማሊያው ቁጥር ይደበዝዛል፣ ፊት ይጠፋል።

ትልልቆቹ ፎቶ አንሺዎች አውሮፓ ሜዳ ላይ ተሸክመው የምታዩት መድፍ የሚያክል ነጭ ሌንስ 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ነው። አዲሱ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ እሱን እንርሳው። ለእኛ ሜዳ ልክ የሆነው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ዙም ነው። የካኖንና የኒኮን ዋጋ ካስደነገጣችሁ የሲግማና የታምሮን አለ። ዙም የሌለው 200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ደግሞ ያገለገለ ከተገኘ የበለጠ ይረክሳል። ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ ስትገጥሙት 200 የነበረው እንደ 300 ሆኖ ይስብላችኋል፤ ከጎል መስመሩ ጀርባ፣ ከኮርና ባንዲራው ጠጋ ብላችሁ ብትቀመጡ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ እጃችሁ ላይ ነው።

የሰርግ ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ ግን መፍትሔው ቦርሳችሁ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሙሽሪትን የምታነሱበት 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለ አይደል? እሱ ከኤፍ 2.8 እንኳ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብርሃን ያስገባል። ርቀት የለውም፤ መሀል ሜዳ ላይ ያለውን ጨዋታ እርሱት። ከጎሉ ጎን ቁጭ በሉና ኳሷ ወደ እናንተ እስክትመጣ ጠብቁ። 89 ደቂቃ ምንም ላታነሱ ትችላላችሁ፤ በ90ኛው የምታነሱት ግን የግብ ጠባቂውን ዓይን ጭምር ያሳያል። እኔ በበኩሌ ብዥ ካሉ 300 ፎቶዎች ይሄን አንዱን እመርጣለሁ።

ካሜራውስ?

ካሜራው አያስፈልግም አላልኩም። ግን ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁን ሜጋ ፒክስል አትስሙት። ኒኮን ዲ3 በ2007 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነበር፤ ሆኖም አይኤስኦ 6400 ድረስ በመሥራቱ ጨለማ ውስጥ ስፖርት ማንሳትን ቀየረው። ጋዜጣ ላይ ለሚወጣ ፎቶ 12 ይተርፋል። ዛሬ ያገለገለ ስትፈልጉ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 7ዲ ማርክ 2 እና በ2016 የወጣው ኒኮን ዲ500 ለኳስ የተሠሩ ያህል ናቸው፤ ሁለቱም በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳሉ። የሚሮጥን ተጫዋች ተከትሎ ፎከስ የሚያደርገውን ማዘዣ፣ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮን ላይ ኤኤፍ-ሲ የሚባለውን፣ ማብራት አትርሱ። እሱን ሳያበራ ካሜራው ላይ የሚያማርር ስንት ሰው አለ!

መስታወት አልባ የሚባሉት አዲሶቹ ካሜራዎች ፎከሳቸው ጉድ ያሰኛል፤ የተጫዋቹን ዓይን ራሳቸው ይፈልጋሉ። ገንዘብ ካለ ይሁን። ነገር ግን ብዙዎቹ ድምፅ በሌለው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ስታነሱባቸው በኃይል የተመታችው ኳስ እንቁላል ትሆናለች፤ ምክንያቱም ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። ለኳስ ሜካኒካል ሹተር ይሻላል።

የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ዕቃ የማይቀመስ ሆኗል። ያገለገለ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቁ፤ 7ዲ ማርክ 2 እና ዲ500 ለ200 ሺህ ምት የተፈተሹ ናቸው፤ 180 ሺህ የመታ ካሜራ ጡረታ የደረሰ ተከላካይ ነው። ሁለተኛ በሌንሱ ውስጥ የባትሪ መብራት አሳልፋችሁ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና አመስግናችሁ ውጡ። አሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ እርጥበት ያገኘ ሌንስ እዚያ ቶሎ ይሻግታል።

ፍላሽስ?

ፍላሽ ለሰርግ ነው። የፍላሹ ብርሃን ሜዳው መሀል አይደርስም፣ አብዛኛው ካሜራም በተለመደው አሠራሩ ከ1/250ኛ በላይ ከፍላሽ ጋር አይሄድም፣ ግብ ጠባቂው ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጠቡ ከደጋፊው ጋር ነው። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ምሽት ነበር፤ መንገዱን ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ናቸው። የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ያለ ፍላሽ ምን አማራጭ ነበረው? የዛሬው ግን አይኤስኦ አለው።

ፕሪሚየር ሊጉ በቴሌቪዥን መታየት ከጀመረ ወዲህ በፓውዛ የሚደረግ የምሽት ጨዋታ ለምደናል። አሶሳ ላይም አንድ ቀን መብራት ቢተከል ሌላ ጣጣ ይመጣል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ፈጣን ሹተር ግን ያየዋል፤ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ ይወጣል። 7ዲ ማርክ 2 ይህን የሚከላከል ማዘዣ ይዞ መጥቷል።

ከሱቅ የማይገዛው

200 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ዙም ከነካሜራው ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ይከብዳል፤ 90 ደቂቃ በእጅ አይያዝም። ባለ አንድ እግር መደገፊያ የሚባለውን ከውጭ ከማስመጣት፣ አሶሳ ቀርቀሃ ሞልቷል! ቀጥ ያለውን መርጦ ጫፉ ላይ የሩብ ኢንች ቡሎን ያስገጠመ ሰው ሥራው ተሠራለት። ለዝናብ ወፍራም ፌስታል፣ ለበጋ አቧራ ደግሞ ሜዳ ላይ ሌንስ አለመቀያየር። አቀማመጥ ላይ ጸሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ከሰዓት በኋላ ማለት በምዕራቡ በኩል መሆን ነው።

የቀረው መላኩ ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ተጨምቆ ይደርሳል፤ «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩት። ከሥሩ የተጫዋቹን ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ የማሊያውን ቁጥር፣ ጎሉ የገባበትን ደቂቃ ጻፉበት። ስም የሌለው ፎቶ እዚህ ዴስክ ሲደርስ «የአሶሳ ተጫዋች» ተብሎ ነው የሚወጣው።